መሬቱንም ሰውንም መልሶ የሚያለማ ሥራ፤ ጥያቄና መልስ

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ሥራዬ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሂሳብ መመርመርና መተዳደሪያ ደንባቸውን ሲያረቁ ማማከር ነው፤ ስለዚህ መልሶቼ ከአፈሩና ከዛፉ ይልቅ ወደ ባለቤትነትና ወደ ትርፍ አከፋፈል ቢያደሉ አይግረማችሁ። ቅን ዓላማ ይዘው የተነሡ ብዙ ጅምሮች ገንዘቡ ሲመጣ የማን እንደሚሆን አስቀድመው ባለመጻፋቸው ብቻ ሲፈርሱ አይቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ዘላቂ» እና «መልሶ የሚያለማ» የሚሉትን ቃላት ሰዎች እያቀያየሩ ይጠቀሙባቸዋል። በእውነት ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው። ዘላቂ የምንለው ሥራ ዛሬ የሚወስደው ለነገ የሚቀረውን እንዳያጎድል የሚጠነቀቅ ነው፤ መልሶ የሚያለማ ሥራ ደግሞ ቀድሞ የተጎዳውን እየጠገነ፣ ከወሰደው አብልጦ እየመለሰ የሚሄድ ነው። አፈሩ ተሸርሽሮ ባለቀበት ቦታ ያለውን ሁኔታ ጠብቆ ማቆየት ድህነትን ጠብቆ ከማቆየት አይለይም። ልዩነቱን ለማወቅ የሚለካ ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ከአምስት ዓመት በኋላ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብስባሽ ጨምሯል ወይ? ዝናቡ ወደ መሬት ይሰርጋል ወይስ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል? ሠራተኞቹ ሥራ ከጀመሩበት ቀን የበለጠ ሙያና የበለጠ ቁጠባ አላቸው ወይ? አፈሩን አልምቶ፣ ምርቱን የሚለቅመውን ሰው ግን ነገ ይጠራ አይጠራ በማያውቅበት የቀን ሥራ ላይ የተወ እርሻ በእኔ ሚዛን ሥራውን በግማሽ የተወ ነው።

ጥያቄ፦ ማኅበረሰብን ማዕከል ያደረገ ድርጅት ማትረፍ ይገባዋል? አንዳንዶቻችን ቃሉን ለመናገር እንኳ እናፍራለን።

መልስ፦ ማትረፍ አለበት፤ ሊያፍሩበትም አይገባም። የማያተርፍ ድርጅት ማሽን ሲበላሽበት የሚጠግንበት፣ ክፉ ዓመት ሲመጣ ደመወዝ የሚከፍልበት ስለሌለው ውሎ አድሮ በለጋሾች ፈቃድ የሚኖር ይሆናል። መወያየት ያለባችሁ ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ሆነን የጋራ ሥራ ልንጀምር ነው። ኅብረት ሥራ ማኅበር ይሻለናል ወይስ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር?

መልስ፦ ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ በምትኖሩበት ቦታ ያለ የሕግ ባለሙያ መጠየቅ አይቀርላችሁም። ሆኖም የትኛውንም ስም ብትመርጡ ሦስት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ሳትመልሱ አትመዝገቡ፦ ድምፅ የሚቆጠረው በሰው ነው ወይስ በገንዘብ? የዓመቱ ትርፍ እንዴት ይከፋፈላል? ድርጅቱ ቢሸጥ ወይም ቢፈርስ የተረፈው ሀብት የማን ነው?

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች እስከ ዛሬ የምንሠራበትን መልስ የሰጡት በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ አንዲት ትንሽ ሱቅ የከፈቱ 28 መሥራቾች ናቸው። አንድ አባል ያዋጣው ገንዘብ ምንም ያህል ይሁን ድምፁ አንድ ነበር፤ ካፒታሉ የተወሰነ ወለድ ይታሰብለታል፤ ከዚያ የቀረው ትርፍ ደግሞ እያንዳንዱ አባል ከሱቁ በገዛው መጠን ልክ ይመለስለታል። በዚህ አሠራር ትርፉ ድርጅቱን ወደተጠቀመበት ሰው ይመለሳል፤ ብዙ ገንዘብ ያስገባ አንድ ሰውም የሌሎቹ ጌታ መሆን አይችልም።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እኔም ደጋግሜ የምጨቀጭቃችሁ ስለ እርሱ ነው። ድርጅቱ ሲያድግ ገዥ ይመጣል፣ መሥራቾቹ ያረጃሉ፣ ከወራሾች አንዱ ድርሻውን መሸጥ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት የተለፋበት ዓላማ በአንድ ፊርማ ይሄዳል። የሳይስ የመነጽርና የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ባለድርሻ የነበረው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኤርንስት አበ በ1889 ፋውንዴሽን አቋቁሞ ድርሻውን ለዚያ ያስረከበው ይህን ለመከላከል ነው፤ የሠራተኞቹን መብት በፋውንዴሽኑ ደንብ ውስጥ ስላሰፈረውም ቀጥሎ የመጣ አስተዳዳሪ እንዳሻው ሊሽረው አልቻለም። በቅርቡም በ2022 ፓታጎኒያ የተባለው የልብስ አምራች ድርጅት መሥራች ኢቮን ሽዋናርና ቤተሰቡ ድምፅ የሚያሰጠውን 2 በመቶ አክሲዮን ዓላማውን ለሚጠብቅ ባለአደራ ተቋም፣ ድምፅ የሌለውን 98 በመቶ ደግሞ ለተፈጥሮ ጥበቃ ለሚሠራ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አስተላልፈዋል። ስድስታችሁም በሥራው ላይ የምትውሉ ከሆነ እኔ ኅብረት ሥራ ማኅበሩን እመርጥላችኋለሁ፤ ደንቡ ውስጥም ከየዓመቱ ትርፍ የተወሰነ እጅ ለአባላት በፍጹም የማይከፋፈል፣ ማኅበሩ ቢፈርስ እንኳ ለተመሳሳይ ዓላማ የሚተላለፍ መጠባበቂያ እንዲሆን አስገቡ።

ጥያቄ፦ የተራቆተ መሬት አለን። አፈሩ እስኪያገግም ባሉት ዓመታት በምን እንኖራለን? ስለ ውጤቱ ሁሉም ይነግረናል፤ ስለ መካከሉ ግን የሚናገር የለም።

መልስ፦ ጥያቄዎ ልብ የሚነካ ነው፤ ብዙ ጅምሮች የሚሰበሩት እዚያ መካከል ላይ ነውና። አፈር የሚያገግመው በዓመታት ነው፣ ባንክ ደግሞ ወለድ የሚቆጥረው በወር ነው፤ ሁለቱን ማስታረቅ የሥራው ከባዱ ክፍል ነው። ስለዚህ መሬቱን በአንድ ጊዜ አይቀይሩ። ቤተሰቡን የሚያኖረውን ክፍል እንዳለ ትተው በአንድ አራተኛው ይጀምሩ፤ ከተበደሩም አከፋፈሉ ምርት ከሚሰበሰብበት ወቅት ጋር የተገጣጠመና የእፎይታ ጊዜ ያለው ይሁን።

ከዘዴዎቹም ከገንዘብ ይልቅ ጉልበት የሚጠይቁትን ያስቀድሙ። የቡርኪና ፋሶው ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎ አሻሽሎ ያስፋፋው «ዛይ» የሚባለው ዘዴ እንዲህ ያለ ነው፦ ደንድኖ በቀረ መሬት ላይ በበጋ ትንንሽ ጉድጓዶች ይቆፈሩና ፍግ ይጨመርባቸዋል፤ ፍጉ ምስጦችን ይስባል፣ ምስጦቹ አፈሩን ይቦረቡሩታል፣ ዝናቡ ሲመጣ ውኃው ቁልቁል ከመፍሰስ ይልቅ ወደ ጉድጓዱ ይሰርጋል። የዘዴው ትልቁ ጥቅም እህሉ በዚያው ዓመት መብቀሉ ነው፤ ቤተሰቡ ለመብላት አፈሩ እስኪድን አይጠብቅም። በኒጀርም ከ1980ዎቹ ጀምሮ ገበሬዎች ችግኝ ከመትከል ይልቅ ከተቆረጡ ዛፎች ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡና እየገረዙ በማሳደግ 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ዛፍ አልብሰዋል። ዘዴውን ያስተዋወቀው አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶና ሳዋዶጎ በ2018 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ካገኙት መካከል ነበሩ።

የኒጀሩን ነገር ሳነሣ ሁልጊዜ የምጨምረው አለ። ዛፉ የመንግሥት ነው ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ገበሬው የበቀለውን ነቅሎ ይጥል ነበር፤ በማሳው ላይ ያለውን ዛፍ የራሱ አድርጎ መቁጠር ሲጀምር ግን ጠባቂ ሳይቀጠርለት ራሱ ጠበቀው። መሬት የምትከራዩ ከሆነ የኪራይ ውላችሁ አፈሩ ከሚያገግምበት ጊዜ ያጠረ እንዳይሆን የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጥያቄ፦ እኩል እንካፈላለን ተብሎ ተጀምሮ አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ ይቀመጣል። ይህን ያለ ጠብ እንዴት እንፈታዋለን?

መልስ፦ በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን ያጠናችው ይህንኑ ነው፤ የመስኖ ቦዮችን፣ ደኖችንና የዓሣ ማስገሪያ ቦታዎችን በጋራ እየተጠቀሙ ለብዙ ዘመን የዘለቁ ማኅበረሰቦች ከፈረሱት በምን እንደሚለዩ መረመረች። የዘለቁት አባል ማን እንደሆነና ማን እንዳልሆነ በግልጽ ያውቃሉ፤ ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው፤ ተቆጣጣሪው ከመካከላቸው ነው፣ ወይም ለእነርሱ ተጠሪ ነው፤ ቅጣቱም በመጀመሪያው ጥፋት ቀላል ሆኖ ጥፋቱ ሲደጋገም እየከበደ ይሄዳል። ከእነዚህ ሁሉ እኔ ለእናንተ የማስቀድመው የመጨረሻውን ነው። ባየኋቸው ማኅበራት ሰዎች ለጓደኛቸው አዝነው ለወራት ዝም ይሉና አንድ ቀን በአንድ ስብሰባ ያባርሩታል፤ በመካከል ምንም ደረጃ የለም። የሥራ ሰዓት መዝግቡ፣ የዘገየ ሰው በመጀመሪያው ወር በቃል ይነገረው፣ በሁለተኛው ከክፍያው ይቀነስ፣ የማባረር ሥልጣን ግን የጠቅላላ ጉባኤው ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ መነሻ ገንዘብ ከየት እናምጣ? አንድ ለጋሽ ድርጅት ሊረዳን ፈቃደኛ ነው።

መልስ፦ ርዳታውን እንቢ በሉ አልልም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ። በጀርመን አገር የገጠር ከንቲባ የነበረው ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ራይፋይዘን በአራጣ የሚሰቃዩትን ገበሬዎች ለመርዳት መጀመሪያ ያቋቋማቸው ማኅበራት በባለጸጎች ችሮታ የሚተዳደሩ ነበሩ። ባለጸጎቹ ሲሰለቹ ሥራው እንደሚደክም በማየቱ በ1864 በሄደስዶርፍ ተበዳሪዎቹ ራሳቸው አባልና ዋስ የሆኑበትን የብድር ማኅበር አቋቋመ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች በስሙ የሚጠሩት የኅብረት ሥራ ባንኮች የመጡት ከዚያ ነው።

እኔ ያማከርኩት አንድ ማኅበር አባላቱ አንድ ሳንቲም ሳያዋጡ ትልቅ ማሽን በርዳታ ተቀበለ። ማሽኑ ሲበላሽ ሁሉም የለጋሹን መምጣት ጠበቀ፤ ዝገት እስኪበላውም ድረስ የማን ኃላፊነት እንደሆነ የተስማማ አልነበረም። እኔም ያን ጊዜ በግልጽ ተናግሬ ባለመከልከሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁ አዋጡ፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም፤ ከዚያ ርዳታው ሲመጣ እናንተ በጀመራችሁት ላይ ይጨመር። ለማሽን መግዣ የሚሰጣችሁ ካለም የመጠገኛውን ወጪ በየወሩ ከገቢያችሁ መቀመጥ መጀመሩን ሳታረጋግጡ አትረከቡ።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ በምሳሌነት የሚጠቀሰው የስፔኑ ሞንድራጎን ነው። ነገር ግን አንዱ ትልቅ ድርጅቱ ከስሯል ሲባል ሰማሁ። ታዲያ ምሳሌነቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ ሊደበቅም አይገባም። ታሪኩ የጀመረው በ1943 ሆሴ ማሪያ አሪስሜንዲያሪየታ የተባሉ ቄስ በባስክ ምድር በከፈቱት የሙያ ትምህርት ቤት ነው። አምስት ተማሪዎቻቸው በ1956 የመጀመሪያውን ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በ1959 ደግሞ የራሳቸው የቁጠባና ብድር ተቋም ተመሠረተ። ከዚያ ፋብሪካ ያደገው ፋጎር የተባለው የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች በ2005 አንድ የፈረንሳይ ድርጅት ገዝቶ ትልቅ ዕዳ ተሸከመ፣ የስፔን የቤት ግንባታ ገበያ ሲወድቅ ሽያጩ አሽቆለቆለ፣ እህት ማኅበራቱም ለዓመታት ሲደግፉት ቆይተው በመጨረሻ ተጨማሪ ገንዘብ ለመስጠት ስላልፈቀዱ በ2013 ከሰረ።

የሠራተኛው ባለቤት መሆን ከገበያ አያድንም፤ ያድናል ብሎ የሚሰብክ ካለ አትመኑት። ልዩነቱ የታየው ከውድቀቱ በኋላ ነው፦ ከፋጎር አባላት ብዙዎቹ ወደ ሌሎቹ ማኅበራት ተዛውረው ሥራ አገኙ። በውጭ አገር በነበሩት ፋብሪካዎች ተቀጥረው የሚሠሩት፣ አባል ያልነበሩት ግን ይህ ዋስትና አልነበራቸውም። ማኅበራችሁ አድጎ ቅጥር ሠራተኛ ማስገባት ሲጀምር ይህን አስታውሱ፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አባል የሚሆኑበት መንገድ በደንባችሁ ውስጥ ይኑር።

ጥያቄ፦ እኔ ብቻዬን የምሠራ የእንጨት ባለሙያ ነኝ። ይህ ሁሉ እኔን ይመለከታል?

መልስ፦ ይመለከትዎታል። የሚጠገን ዕቃ ይሥሩ፣ የሠሩትን መልሰው ይጠግኑ፣ እንጨቱ ከየት እንደተቆረጠ ይወቁ፣ አንድ ተለማማጅም ያስተምሩ። ማኅበር የሚያስፈልግዎ ብቻዎን መግዛት የማይችሉት መሣሪያ ወይም ብቻዎን የማይደርሱበት ገበያ ሲኖር ነው።

ጥያቄ፦ ስናድግ የማኅበረሰብነቱ መንፈስ አይጠፋም ወይ?

መልስ፦ አንድ ማኅበር ብቻውን እየገዘፈ ከሄደ ይጠፋል፤ አባሉ ሊቀመንበሩን በመልክ የማያውቅበት ጊዜ ይመጣል። ሌላው መንገድ ትንንሾቹን ትንሽ እንደሆኑ አቆይቶ ከበላያቸው ኅብረት መፍጠር ነው። በ1946 በሕንድ ጉጃራት የተጀመረው፣ ዛሬ አሙል በሚባለው የንግድ ስም የሚታወቀው የወተት አምራቾች ማኅበር ያደገው እንዲህ ነው። ገበሬው ወተቱን ለመንደሩ ማኅበር ያስረክባል፤ እዚያው ይለካለታል። የመንደር ማኅበራቱ በወረዳ ዩኒየን ተደራጅተው ማቀነባበሪያውን በጋራ ያንቀሳቅሳሉ፤ ዩኒየኖቹ ደግሞ በ1973 በተቋቋመው የክፍለ ግዛቱ ፌዴሬሽን በኩል በአንድ ስም ይሸጣሉ። በየደረጃው የሚወሰነው እዚያ ደረጃ ላይ ብቻ ሊወሰን የሚገባው ነው።

ጥያቄ፦ ሰፈራችንን አጽድተንና አልምተን ስንጨርስ የቤት ኪራይ ጨምሮ እኛኑ አስወጣን። ምን ማድረግ ነበረብን?

መልስ፦ በጣም አዝናለሁ፤ እናንተ ያለማችሁትን የመሬቱ ባለቤት ሰበሰበው። ለዚህ የተፈጠረ መላ የማኅበረሰብ የመሬት ባለአደራ ይባላል፦ መሬቱ የባለአደራው ተቋም ሆኖ ይቀራል፣ ነዋሪው ቤቱን ብቻ ይገዛል፣ ሲሸጥም የሚያገኘው ጭማሪ በውሉ በተወሰነ ስሌት ስለሚገደብ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው አቅሙ በሚችለው ዋጋ ይገዛል። የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ተቋም በ1969 በአሜሪካ ጆርጂያ የመሠረቱት የጥቁሮች መብት ታጋዮች ነበሩ። እነርሱ ራሳቸው ግን ድርቅ በመታቸው ጊዜ የአስቸኳይ ብድር በአድልዎ ተከልክለው በ1985 መሬቱን በዕዳ አጥተዋል፤ ሐሳቡ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በሚቀጥለው የምትኖሩበት ሰፈር ማልማት ከመጀመራችሁ በፊት፣ ዋጋው ገና ዝቅተኛ ሳለ፣ አንድ ቁራሽ መሬት እንኳ በጋራ ስም ግዙ፤ መግዛት ካልቻላችሁም የረጅም ዘመን የኪራይ ውል በማኅበሩ ስም ተፈራረሙ፣ የኪራዩም ጭማሪ ጣሪያ በውሉ ላይ ይጻፍ።