በቤታችሁ በድብቅ የምትቀዱት ስልክ

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በጥብቅና ስሠራ ሸምግያለሁ። ድሮ ባልና ሚስት ሲካሰሱ ጎረቤት ምስክር ይዘው ይመጡ ነበር፤ አሁን ይዘው የሚመጡት ስልክ ነው። «ጉድ አለኝ፣ ቀድቼዋለሁ» ይላሉ። ጉዱ ወደ ማን እንደሚዞር ግን ብዙዎቹ አያውቁም፤ ይህን የምጽፍላችሁም ስለሚያሳስበኝ ነው።

አንድ ወጣት ባል ሜሞሪ ካርድ በሶፍት ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ሚስቱ ሳታውቅ ስልኳ ላይ ጥሪ የሚቀዳ አፕ ጭኗል። «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይስሙት» አለኝ። አልሰማሁም። «አንተ በንግግሩ ውስጥ አለህበት?» ብዬ ብቻ ጠየቅሁት። «የለሁበትም፣ ከእህቷ ጋር ነው» አለ።

ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። ሌሎች ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩትን ሦስተኛ ሆኖ መቅዳት ጠለፋ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ማንም ሰው በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል፤ ባል፣ ሚስት፣ ወላጅ ብሎ ማንንም ለይቶ አላወጣም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ ማዳመጥንም መቅዳትንም ጠለፋ ይለዋል፤ ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤት ቅጂውን ይቀበላል አይቀበልም ከመባሉ በፊት አምጪው ራሱ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ወጣት የነገርኩት ሌላም ነገር ነበር፤ የቤተሰብ ሕጉ ለመፋታት የሌላውን ጥፋት እንድታስረዱ አያስገድድም። ትዳሩ በቃኝ የሚል ሰው አቤቱታውን ያቅርብ እንጂ የሚስቱን ስልክ መጥለፍ ምን ይረባዋል?

«ስልኩን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ካርድ የምሞላውም እኔ ነኝ» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በቤት ሠራተኛ ላይ ሲሆን ነው። ከመንዝ ገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ማታ ከእናቷ ጋር የምታወራባት ያቺ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ናት የራሷ የሆነች። ማደሪያዋን ስለሰጣችኋት ንግግሯንም የገዛችሁት አይምሰላችሁ። ዕቃ ጠፋ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ፖሊስ አለ፤ በሕግ የተፈቀደ ክትትል ካስፈለገም የሚያደርገው እሱ ነው።

እናንተ ራሳችሁ የምትነጋገሩበት ጥሪ ግን ሌላ ነው። የተነገራችሁን ነገር መያዝ የሌላ ሰው መስመር ውስጥ እንደመግባት አይቆጠርም። ቢሆንም የያዛችሁትን እንዳሻችሁ ትበትኑታላችሁ ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 31 ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳያወጣ ከልክሏል፤ በቂ ጥቅም እንዳለው ካስረዳ ግን ለፍርድ ቤት ሊያቀርበው ይችላል። ያኔ የስልኩ የቴሌግራም አፕ አልነበረም፤ እኔ ግን ለድምፅም ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላየሁም፤ ለዳኛ ማቅረብና ለመንደር መበተን አንድ አይደለም። የሰውን ክብር የሚያጎድፍ ድምፅ በኢንተርኔት ማሰራጨት ደግሞ በዚያው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ አንቀጽ 13 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። (አሜሪካ ዘመድ ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ በካሊፎርኒያ የግል ንግግርን ለመቅዳት የሁሉም ተነጋጋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል።)

አንዳንዶቻችሁ፣ በተለይ እህቶች፣ በስልክ «እገድልሻለሁ» እየተባላችሁ ነው። ለእናንተ «አትቅዱ» ብዬ አልመክርም፤ ፈርታችሁ ዝም እንድትሉም አልፈልግም። የደወለላችሁን ሰው ዛቻ ያዙ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ ቅጂውን አትቁረጡት፣ ለጓደኛም አትላኩት። በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ካለ እዚያ፣ ሄዳችሁ አመልክቱ። ስልኩንም ጉዳዩ እስኪያልቅ አትሽጡት፣ ፎርማት አታስደርጉት፤ መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።