ስለ ተልባ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ቤተሰብ። ያለሁት ሱሉልታ ነው፣ ከ20 ዓመት በላይ ተልባና ሱፍ እየቆላሁ ለሰፈር ሰው ሸጫለሁ። ፍልሰታ ስለደረሰ በውስጥ መስመር የሚመጣው ጥያቄ በዛብኝ፣ እዚሁ ሁሉም እያየው ልመልስ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ተልባ ፈጭታችሁ አታከማቹ፣ የሳምንት ብቻ!

ከኮዬ ፈጬ፦ እትዬ እንደምን ዋሉ፣ እኔ ስቆላው ወይ ያርብኛል ወይ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ እንዴት ነው የሚቆላው?

መልስ፦ ደህና ነኝ ልጄ፣ ይሄ ነው ጥያቄ ማለት። መጀመሪያ ሰፌድ ላይ አንጓልይውና ልቀሚው፣ ጠጠሩ ደቃቅ ስለሆነ ካልተጠነቀቅሽ ያመልጥሻል። ከዛ ምጣዱን አግይና እሳቱን ቀንሺ፣ ስስ አድርገሽ በትኚው፣ እጅሽ ከማማሰያው አይለይ። መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ጠስ ጠስ ማለት ይጀምራል፣ መንጣጣቱ ሲበዛና ሽታው ቤቱን ሲያውደው ወዲያው ሰፌድ ላይ ገልብጪው፣ ምጣዱ ላይ ከተውሽው እሳቱን ብታጠፊም ግለቱ ብቻ ያሳርረዋል። አንድ ሁለት ፍሬ ንከሺ፣ ቀጭ ካለ ደርሷል፣ ጥርስሽ ላይ ከተለጠፈ ገና ነው። በደንብ ሳይቀዘቅዝ እንዳትፈጪው ይጓጉልብሻል። ወፍጮ ቤት አትውሰጂው ቅባቱ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ የቡና መፍጫ ይበቃል፣ መብራት ከጠፋም (የኛን ሰፈር መብራት ታውቂዋለሽ) ሙቀጫ አለልሽ፣ ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ይባል የለ።

ከለገጣፎ፦ ሳልፈጨው ሰላጣ ላይ ብበትነውስ?

መልስ፦ እንደገባ ይወጣል፣ ቅርፊቱን ሆድ አይፈጨውም። ፍጪው፣ የሳምንት ብቻ።

ከአያት፦ እትዬ፣ አሜሪካ ያለው ወንድሜ የሄምፕ ዘር ገንፎም ዳቦም ላይ እያደረገ ይበላል፣ ከተልባ ይበልጣል ልላክልሽ ይለኛል። ላስልክ?

መልስ፦ አታስልኪ። ሄምፕ የካናቢስ ዓይነት ነው፣ ዘሩ ራሱ አያሰክርም፣ እነሱ አገር በ2018 በወጣው ሕግ ሄምፕ ከተከለከሉት ዕፆች ተለይቶ ወጥቷል፣ እኛ አገር ግን ካናቢስ የተከለከለ ነው፣ ለአንድ ከረጢት ፍሬ ብለሽ ጉምሩክ ላይ አትቸገሪ። ይበልጣል የሚለውን በተመለከተ፣ በፕሮቲን ልክ ነው፣ 100 ግራም የተላጠ የሄምፕ ዘር ወደ 31 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ተልባ 18 ገደማ ነው። በኦሜጋ 3 ግን ተልባ ወደ 23 ግራም፣ ሄምፑ 9 ገደማ። ፋይበሩም ተልባ ላይ ነው ያለው፣ 27 ግራም። እጃችን ላይ ያለውን ንቀን የሰው አገር እህል ስናማትር በጣም ነው የሚቆጨኝ።

ከገላን፦ ክብደት ይቀንሳል?

መልስ፦ የማን ክብደት? በምን ያህል ተልባ? ከምን ጋር ተበልቶ? እንዲህ ያለ ጥያቄ አልመልስም።

ከቡራዩ፦ ጊዜ ለሌለን ሰዎች የተፈጨውን ከሱቅ ብንገዛስ?

መልስ፦ ኧረ ወንድሜ ከላይ አንብብ እንጂ! ሠዓሊዎች የሚቀቡት የዘይት ቀለም ከተልባ ዘይት ነው የሚበጠበጠው፣ ለምን መሰለህ፣ አየር ሲያገኘው ስለሚደርቅ ነው። ቤትህ ያለው ዱቄትም ላይ ያው አየር ነው የሚሠራው። ስንት ወር ሱቅ እንደተቀመጠ የማታውቀውን ከፍተህ አሽትተው፣ ቀለም ቀለም ካለህ ድፋው። እኔ አንዴ ከአንድ ሱቅ ለእንግዳ ብዬ ገዝቼ ፍትፍቱ መረረና አንድ ትሪ ሙሉ ደፍቻለሁ።

ከሰበታ፦ ሱፍም ያው ነው አይደል? እኛ እኮ ቤት የሱፍ ዘይት ስለምንጠቀም ሱፉን እያገኘነው ነው።

ከጀሞ፦ አይደለም ባክህ፣ የምትገዛው ዘይት የፈረንጅ ሱፍ ነው፣ ያ ፀሐይ ዞሮ የሚያየው ትልቁ አበባ።

ከሰበታ፦ ሱፍ ሱፍ ነው፣ ስሙ ላይ ተጽፏል እኮ።

ከጀሞ፦ እናትህ የሱፍ ፍትፍት ሠርተውልህ አያውቁም ማለት ነው?

ከሰበታ፦ እናቴን እዚህ ምን አመጣት?

መልስ፦ በቃ ተዉ ልጆች፣ በጾም መግቢያ ጭቅጭቅ አያስፈልግም። የጀሞዋ ልክ ናት። የኛ ሱፍ እሾሃም ተክል ነው፣ አበባው ቢጫና ብርቱካናማ፣ ፍሬው ነጭ። ለፍትፍት ታጥቦ ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ታሽቶ ሲጠለል እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ጨው፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ጣል አድርጎ እንጀራ መፈትፈት ነው። ሁለተኛ ዙር የጠለላችሁት ቀጭን ስለሚሆን ለየብቻ አስቀምጡትና እየቀላቀላችሁ አመጥኑ።

ከየካ አባዶ፦ ለጾም ኬክ በእንቁላል ፋንታ ተልባ ይሆናል ሲሉ ሰማሁ?

መልስ፦ ይሆናል የኔ ቆንጆ! ለአንድ እንቁላል 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ 10 ወይ 15 ደቂቃ ተይው፣ ዝልግልግ ሲል ሊጡን ይይዝልሻል። እንደ እንቁላል ግን አይነፋም፣ ስለዚህ ሦስት አራት እንቁላል የሚፈልግ ኬክ ላይ አትሞክሪው፣ ለሙዝ ዳቦና ለብስኩት ነው የሚሆነው። የአጃ ገንፎ ላይም ከእሳት ካወረድሽ በኋላ አንድ ማንኪያ ነስንሺበት፣ ልጆቼ በዚህ ነው ያደጉት። ውሃም ጠጡበት፣ ተልባ በሆድ ውስጥ ውሃ እየሳበ ነው የሚያብጠው፣ ያለ ውሃ ከበዛ ሆድ ያደርቃል።

ከዱከም፦ ለምጣድ ማሰሻስ?

መልስ፦ ጎመን ዘር።

ከቱሉ ዲምቱ፦ የ7 ወር ልጅ አለችኝ፣ እናቴ ደግሞ የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፣ ለሁለቱም ልስጥ?

መልስ፦ ሁለቱንም ሐኪም ጠይቂ እህቴ፣ እኔ ተልባ ቆዪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም።

ከሰበታ፦ ይቅርታ እትዬ፣ ሱፉን ገባኝ። ተልባው ግን ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ስንት ጊዜ ይቆያል?

መልስ፦ ሳይፈጭ ደረቅ ቦታ ከሆነ ወራት ያለ ፍሪጅ ይቆያል። የተፈጨውን ግን ፍሪጅም ይግባ፣ የሳምንት ብቻ። ስንቴ ልበል?

ከኮዬ ፈጬ፦ እትዬ አሁን ቆላሁት፣ ቀጭ ብሎልኛል! ቤቱን ሁሉ አወደው።

መልስ፦ ተባረኪ ልጄ። ስንቱን ፈጨሽው?

ከኮዬ ፈጬ፦ ሁለቱንም ኪሎ።

መልስ፦ እንዴ! ሳይመሽ ተነሽና ለጎረቤት በየብርጭቆው አካፍይ። የአንድ ሳምንትሽን ብቻ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ አድርገሽ ፍሪጅ ክተቺ።