በእንግሊዝኛ «ኦስለር» የሚባለው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነው ወይስ ፈረስ ጠባቂ?

ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ልክ ነው። ልዩነቱ የዘመን ነው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። መጀመሪያ በገዳም እንግዳ የሚቀበለው መነኩሴ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ቀጥሎ የማረፊያ ቤት ባለቤትም ተጠራበት። እኛ በየቀኑ የምንላቸው «ሆቴል» እና «ሆስፒታል» የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው። እኔ ይህን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ!

ታዲያ ስሙ እንዴት ጋጣ ገባ? ያኔ እንግዳ የሚመጣው በፈረስ ነው። እንግዳን መቀበል ማለት ፈረሱንም መቀበል ነው። ቀስ በቀስ ስሙ ግቢ ውስጥ ላለው ሠራተኛ ቀረ። ሠረገላው ሲደርስ የደከሙትን ፈረሶች ይፈታል፣ ላባቸውን በጭድ ይጠርጋል፣ አጃ ይሰጣል፣ ያረፉትን ይጠምዳል። የእኛ ባልደራስ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የፈረሶች ሹም ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር መጣና ሥራው ከሰመ። ቃሉ ግን አሜሪካ ውስጥ ባቡር ላይ ወጣ። እዚያ «ሆስለር» የሚባለው ጉዞ የጨረሰውን የባቡር ሞተር ተረክቦ ወደ ማደሪያው የሚያስገባው ሠራተኛ ነው። በእንፋሎቱ ዘመን ከሰልና ውኃ የሚያስሞላው እሱ ነበር፤ ልክ ፈረስ እንደማብላትና እንደማጠጣት።