ትወና ለምትወዱ የአዳማ ልጆች

ልጆቼ፣ «ፊልም ውስጥ ለመግባት ማንን ላግኝ?» ስትሉኝ የሰው ስልክ ቁጥር እንድሰጣችሁ ትጠብቃላችሁ። ስልኩ አይከፋም። ሰው ማወቅ በኛ ሙያ ይረዳል። ግን ያ ሰው በሩን ከፍቶላችሁ ካሜራ ፊት ካቆማችሁ በኋላስ? ምን ይዛችሁ ነው የምትቆሙት?

እኔ በኪነት ቡድን ጀምሬ መድረክ ላይ ያረጀሁ ሴት ነኝ። አዳማ ጎበዝ ልጅ አጥታ አታውቅም። መልከ መልካሙም፣ ጨዋታ አዋቂውም፣ እንባው ቅርቡም ሞልቷል። የሚያንሰን ከአንድ ፊልምና ከአንድ ወረት አልፎ የሚቆይ ሰው ነው። ስለዚህ አልፋ ስለቆየች አንዲት ተዋናይት ላጫውታችሁ።

ሊሊያን ጊሽ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1893 አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሃዮ ተወለደች። አባቷ ቤተሰቡን ጥሎ ሲሄድ እናቷ ልጆቿን ለማሳደግ ተዋናይ ሆነች። ሊሊያንም በ1902 ገና ሕፃን ሳለች መድረክ ወጣች። ታናሽ እህቷ ዶሮቲም ተከተለቻት። ልጅነታቸው ከከተማ ወደ ከተማ በባቡር ሲጓዙ፣ ርካሽ ማረፊያ ቤት ሲያድሩ አለፈ። ትምህርት ቤት የገባችው በቁርጥራጭ ነው። ያኔ ማይክሮፎን የለም። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ጥርት አድርገሽ ካልተናገርሽ ሌላ ልጅ ይተካብሻል እየተባለች እንዳደገች በኋላ ስትናገር ኖራለች። ለሕፃን ይከብዳል። ሙያዋ የተሠራው ግን እዚያ ነው።

ፊልም የገባችው በአጋጣሚ ነው። በ1912 ሁለቱ እህትማማቾች የልጅነት ጓደኛቸውን ለመጠየቅ ኒውዮርክ የሚገኘው ባዮግራፍ የሚባል የፊልም ኩባንያ ሄዱ። ጓደኛቸው ሜሪ ፒክፎርድ ነበረች፤ በኋላ ዓለም ያወቃት። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ዋርክ ግሪፊዝ እህትማማቾቹን አያቸው። ማንና ማን እንደሆኑ ስላምታቱት ለአንዷ ሰማያዊ፣ ለሌላዋ ቀይ ሪባን አሰረላቸው። ከዚያ ሽጉጥ አውጥቶ ወደ ጣሪያው እየተኮሰ ክፍሉን ዙሪያ አሯሯጣቸው። ፍርሃታቸውን ማየት ፈልጎ ነው። እንዲህ ያለውን ኦዲሽን እኔ ለማንም አልመኝም። በዚያው ዓመት ግን የመጀመሪያ ፊልማቸውን ሠሩ።

አሁን ልብ በሉ። ያቺ ልጅ ዋናው መሣሪያዋ ድምፅ ነበር። የገባችበት ፊልም ደግሞ ድምፅ የለውም። ያላት ነገር ሁሉ የማይሠራበት ቦታ ገባች ማለት ነው። ምን አደረገች? ከዜሮ ተማረች። ለመድረክ የሚሆነው ሰፊ እንቅስቃሴ ካሜራ ፊት ጩኸት እንደሚሆን ገባት። እንቅስቃሴዋን አሳነሰች። በ1919 በተሠራ አንድ ፊልም ውስጥ አባቷ የሚደበድባትን ልጅ ሆና ትጫወታለች። አባትየው ፈገግ በይ ሲላት ልጅቷ ፈገግታ ከየት ታምጣ? ሊሊያን ሁለት ጣቶቿን ከንፈሯ ዳርና ዳር ላይ አድርጋ አፏን ወደ ላይ ገፋችው። ሀሳቡ የራሷ ነው። ያቺን ትንሽ እንቅስቃሴ ያየ ሰው የልጅቷን ኑሮ በሙሉ ያውቀዋል። እናንተ ለቅሶ ሲመጣ ሽንኩርት ትፈልጋላችሁ፣ ወይ ትጮሃላችሁ። እስቲ ቆም ብላችሁ ሰው በእጁ ምን ያደርጋል ብላችሁ አስቡ። መናኸሪያ ሂዱና ልጁን የምትሸኝ እናት እዩ። ብዙውን ጊዜ አታለቅስም። የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፤ የልጁን ኮሌታ አሥር ጊዜ ታስተካክላለች።

ስለ ትጋቷ የሚወራው ብዙ ነው። በ1920 በወጣው «ዌይ ዳውን ኢስት» በተባለ ፊልም ውስጥ በሚንሳፈፍ በረዶ ላይ ራሷን ስታ ትወሰዳለች። እጇና ፀጉሯ ውሃው ውስጥ ይጎተት ያለችው ራሷ ናት። ቀረጻው እውነተኛ ክረምት ላይ፣ እውነተኛ በረዶ ላይ ነበር። ጣቶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያ ጉዳት አልዳኑም። በሳንባ በሽታ የምትሞት ሴት ሆና ለመጫወት ደግሞ ሆስፒታል ሄዳ ሕሙማንን ተመለከተች፤ ከቀረጻው በፊት ለቀናት ውሃ አልጠጣችም። ሕሙማኑን ሄዳ ማየቷን አደንቃለሁ፤ እናንተም አድርጉት። ውሃ መከልከሉንና በረዶው ላይ መተኛቱን ግን እንዳትሞክሩት። ሰውነታችሁ የነገ ሥራችሁ ነው። «ለጥበብ ስትይ ቻይው» የሚል አዘጋጅ ካጋጠማችሁ ራሱ እዚያ ቦታ ላይ ይተኛ እንደሆነ ጠይቁት።

ከሁሉ በላይ የምወድላት ሌላ ነው። ካሜራ ፊት ብቻ አልቆመችም። ሜካፑን፣ መብራቱን፣ ፊልም ተቆርጦ የሚቀጠልበትን መንገድ ሁሉ ታውቅ ነበር። በ1920 አንድ ፊልም ራሷ ዳይሬክት አደረገች። እህቷን ዶሮቲን መሪ ተዋናይ አደረገቻት። ያውም ኒውዮርክ አቅራቢያ እየተቋቋመ የነበረውን ስቱዲዮ ዝግጅት በኃላፊነት እየመራች። የአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባላቸው በዚያው ዓመት ነው። እናንተ ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ካሜራም ኤዲቲንግም አለ። ጓደኛችሁ ሲቀርጽ መብራት ያዙለት። አንድ ትዕይንት ራሳችሁ ኤዲት አድርጉ። ኤዲት ያደረገ ተዋናይ የትኛው እይታ እንደሚያስፈልግና የትኛው እንደሚጣል ስለሚያውቅ በከንቱ አይዳክርም።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። የአዳማን ነፋስ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ኮረብታው ላይ ተርባይን የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ውጭ ቀረጻ ስትወጡ ማይኩ ውስጥ እየገባ የሚያበላሽባችሁን ድምፅ፣ ዓይናችሁን የሚሞላውን አቧራ ታውቁታላችሁ። ሊሊያንም በ1928 የወጣ «ነፋሱ» የሚባል ፊልም ሠርታለች። በረሃ ውስጥ የምትኖር፣ ነፋሱ አእምሮዋን የሚነካት ሴት ናት። ቀረጻው ካሊፎርኒያ፣ ሞሃቬ በረሃ ነበር። ሙቀቱ 49 ዲግሪ ገደማ ይደርስ ነበር። አሸዋውን የሚያስነሱት በአውሮፕላን ሞተር ነው። የሚቀረጽበት ፊልም በሙቀቱ እንዳይበላሽ በበረዶ ያቀዘቅዙት ነበር። ታሪኩን የመረጠችው እሷ ናት። ስዊድናዊውን ዳይሬክተር ቪክቶር ሾስትሮምንም እሷ ናት የፈለገችው። ዛሬ ከድምፅ አልባ ፊልሞች ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት ይቆጠራል።

ያኔ ግን ከሰረ። በ1927 መጨረሻ ሰው የሚናገርበት፣ የሚዘፈንበት ፊልም ወጥቶ ነበር። ተመልካቹ ድምፅ ለመደ፤ ዝምታው ሰለቸው። ፊልሙን ካሠራት ኩባንያ ጋር ተለያየች። ዕድሜዋ ወደ 35 ነው። ለፊልም ሰዎች ያረጀች፣ ዘመኗ ያለፈ ሴት ናት።

የድምፅ አልባው ዘመን ስንት ኮከብ እዚያች ላይ ቀረ! ሊሊያን ወደ መድረክ ተመለሰች። በ1930 በኒውዮርኩ የቴአትር ሰፈር፣ ብሮድዌይ ላይ፣ የሩሲያዊውን ደራሲ የቼኾቭን «አጎቴ ቫንያ» ተጫወተች። በ1936 በሼክስፒር ተውኔት እንግሊዛዊው ተዋናይ ጆን ጊልጉድ ሐምሌት ሲሆን እሷ ኦፌሊያ ሆነች። ሕፃን ሳለች የተማረችው ድምፅ፣ ፊልሙ ሃያ ዓመት ያህል ያልፈለገው፣ እንጀራ ሆኖ አበላት። ከዚያ ፊልሙ ራሱ መልሶ ጠራት፤ በኋላም ቴሌቪዥኑ። በ1971 የክብር ኦስካር ተሰጣት። የመጨረሻ ፊልሟ በ1987 ሲወጣ ዕድሜዋ ከዘጠና አልፎ ነበር። በ1993 ዓረፈች፤ መቶ ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀራት።

ይህንን ሁሉ የማወራችሁ ስለ ቲክቶክ ነው። ቲክቶክ ላይ መሥራታችሁን አልቃወምም። አንዳንዶቻችሁ በአንድ ደቂቃ የምትሠሩትን ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አንዱ መተግበሪያ ሲዘጋ፣ ሌላ ሲተካ፣ ፎሎወራችሁ አብሯችሁ አይሄድም። አብሯችሁ የሚሄደው ድምፃችሁ፣ ሰውነታችሁ፣ ያነበባችሁት ተውኔት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ላይ አንብቡ። ያለ ማይክ አንብቡ። የአባ ገዳ አዳራሽን የሚያክል ቦታ አስቡና ከኋላ ለተቀመጠችው እናት ንገሯት። ቃለ ተውኔት ከመሸምደዳችሁ በፊት ድርሰቱን ሙሉውን አንብቡት፤ የራሳችሁን መስመር ብቻ አስምሮ መያዝ የአዳማ ተዋናይ ትልቅ በሽታ ነው። ደግሞ ብዙዎቻችሁ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እኩል ይዛችሁ አድጋችኋል። ይህ ሀብት ነው። በሁለቱም ተለማመዱ፤ አንዱ ቋንቋ የሚያወጣውን ስሜት ሌላው በሌላ መንገድ ያወጣዋል፣ ትወናችሁም ይሰፋል።

አንድ የማልሸፍነው ነገር አለ። ሊሊያን በ1915 በወጣው «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» ውስጥ ተጫውታለች። ይህ ፊልም ጥቁሮችን አውሬ አድርጎ የሚስል፣ ኩ ክላክስ ክላን የሚባለውን፣ ነጭ የበላይ ነው እያለ ጥቁሮችን የሚያሸብር ቡድን፣ ነፃ አውጪ አድርጎ የሚያወድስ ነው። የጥቁሮች መብት ድርጅት ኤንኤኤሲፒ ያኔውኑ ተቃውሞታል። ጠፍቶ የነበረው ክላን በዚያው ዓመት እንደገና ተቋቋመ፤ ፊልሙንም አባል መመልመያ አደረገው። ሊሊያን ዳይሬክተሩን ግሪፊዝን እስከ መጨረሻው ስታሞግስ ኖረች። በ2019 ኦሃዮ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በእህትማማቾቹ ስም የተሰየመውን የፊልም አዳራሹን ስም አነሳው። የተቃወሙ ታላላቅ የፊልም ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን ጥቁር ተማሪዎች በዚያ ስም ሥር መቀመጥ ሲከብዳቸው ይገባኛል። ጥበቧን ወድጄ ይህን እጠላለሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል።

እናንተም ይህ ፈተና ይመጣባችኋል። ስክሪፕት ሲሰጣችሁ «ስንት ይከፍላል?» ብቻ አትበሉ። ታሪኩ ማንን እያዋረደ ነው? አንድን ብሔር ሌባ፣ የቤት ሠራተኛን ደደብ፣ አካል ጉዳተኛን መሳቂያ የሚያደርግ ቀልድ በየጊዜው ይጻፋል። ያንን ቃል የምትናገሩት እናንተ ናችሁ፤ ሰው የሚያስታውሰው የእናንተን ፊት ነው፣ የደራሲውን አይደለም። እምቢ ማለት ይቻላል። እምቢ ብለው ሥራ ያጡ ልጆች አውቃለሁ፤ ቀላል እንዳልሆነም አውቃለሁ። ግን እምቢ ለማለት አቅም የሚሰጠውም ሙያው ነው። ሌላ ቦታ መሥራት የሚችል ሰው ነው አንገቱን ቀና አድርጎ የሚወጣው።

ስለ ገንዘብም በአጭሩ፦ «ፊልሙ ሲሸጥ እንከፍላችኋለን» የሚለውን ነገር በጽሑፍ ካልሆነ አትቀበሉ። ዘመድም ቢሆን።

«የኛዎቹን ትተሽ ለምን የፈረንጇን?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ከኛዎቹ ዕዳ ያለብኝ ሴት ነኝ። በአማርኛ ቴአትር መጀመሪያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉት ሴቶች «አዝማሪ» የሚለውን ንቀት ተቋቁመው የወጡት። አስናቀች በእኛ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም መስከረም ላይ ዓረፈች። ክራሯንና ዘፈኗን ዛሬም እንሰማለን። የመድረክ ትወናዋን ግን እናንተን አስቀምጬ ላሳያችሁ ብል የማሳያችሁ የለኝም። የሊሊያንን ፈገግታ ግን ዛሬ ማታ በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። ልዩነቱ የችሎታ አይደለም። አንዱ ተቀርጾ ተቀመጠ፤ አንዱ መድረኩ ላይ ቀረ።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ አብዛኛውን አጥተዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት ከድምፅ አልባው ዘመን ረጅም ፊልሞቻቸው ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ጨርሶ ጠፍቷል። ሊሊያን ራሷ ዳይሬክት ያደረገችውም ከጠፉት አንዱ ነው። በስተርጅናዋ አሮጌ ፊልሞች እንዲጠበቁ ስትሟገት የኖረችው ኪሳራውን ስለምታውቀው ነው።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ልምምዳችሁ ጀምሩ። ቴአትራችሁን ከአዳራሹ ኋላ ሆኖ በቆመ ካሜራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስቀርጹ። ድምፁን ለብቻው ቅዱ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የደራሲውን፣ የተዋንያኑንና መብራት የያዘውን ልጅ ሙሉ ስም ከነአባቱ ጻፉ። አንዱን ቅጂ ሃርድ ዲስክ ላይ ለቡድኑ አስቀምጡ፤ ሁለተኛውን ሌላ ሰው ቤት፤ ሦስተኛውን ኢንተርኔት ላይ ጫኑት። ስልክ ላይ ብቻ ትታችሁ አትሂዱ።