የሕግ ጥያቄዎቻችሁ፦ ክስ ላይ እያሉ አዲስ ሕግ ቢወጣ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ አምና ተፈጸመ በተባለ ድርጊት ዘንድሮ ተከሰሰ። በመሐል ቅጣቱን የሚያከብድ አዋጅ ወጣ፤ የክስ ቻርጁም የሚጠቅሰው አዲሱን ነው። ይህ ይቻላል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ድርጊቱ አዋጁ ከመጽናቱ በፊት ያለቀ ከሆነ አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 እና የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 5 ይከለክላሉ። ሚዛን የሚደፋው ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ነው፤ ወንድምዎ የተያዘበት ወይም መዝገቡ የተከፈተበት ቀን አይደለም።

የክሱን ግልባጭ ይያዙና በወንጀሉ ዝርዝር ሥር የተጻፈውን ቀን ያውጡ። ከዚያ የአዋጁን የመጨረሻ አንቀጽ ይመልከቱ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና የሚናገረው እዚያ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ምክር ቤቱ አጸደቀ ተብሎ በዜና የተነገረበትን ቀን ይዞ ሲከራከር ነው። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣው ከዚያ ዘግየት ብሎ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹ አዋጆች ደግሞ የሚጸኑት ከታተሙበት ቀን ጀምሮ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። እንደ ያለፈቃድ ጦር መሣሪያ መያዝ ያለ፣ ቀጥሎ የሚሄድ ድርጊት ከሆነ፣ መሣሪያው የተገዛው ከአዋጁ በፊት መሆኑ ብቻ አያድንም። አዋጁ ከጸና በኋላም እጁ ላይ ከነበረ አዲሱ ሕግ ይደርስበታል።

ክርክሩ የሚነሳበት ጊዜም አለው። ክሱ ተነቦ፣ ወንድምዎ የእምነት ክህደት ቃሉን ከመስጠቱ በፊት መቃወሚያ ካለው ይጠየቃል (የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 130)። ያኔ ቀኑ፣ የተጠቀሰው አንቀጽና ሊጠቀስ የሚገባው የቀድሞ ሕግ በጽሑፍ ይቅረብ። ቅጣት ይቀልለታል ብለው ቶሎ እንዲያምን የሚገፋፉ ዘመዶች የሚጎዱት ራሱን ነው፤ በከባዱ ሕግ ሥር ካመነ በኋላ ነገሩን ማቃናት አድካሚ ነው። ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለው ለችሎቱ ይናገር፤ ፍትሕ ሊጓደል የሚችልበት ሁኔታ ካለ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ደንግጓል።

አዲሱ ሕግ በከፊል ቀሎ በከፊል ከብዶ ከመጣስ? የቀድሞው ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል፣ አዲሱ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይላል እንበል። ከአንዱ መነሻውን ከሌላው ጣሪያውን ቆርጦ መውሰድ አይቻልም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 6 መሠረት ፍርድ ቤቱ አግባብ ያላቸውን ድንጋጌዎች ሁሉ አይቶ ለዚህ ተከሳሽ የሚሻለውን ይመርጣል። ስለዚህ ጠበቃው ማቅለያና ማክበጃውን አስገብቶ ቅጣቱን በሁለቱም ሕግ ያስላ። ማቅለያው ብዙ ለሆነ ሰው መነሻው ዝቅ ያለው ሕግ ሊሻለው ይችላል፤ ማክበጃ ለበዛበት ደግሞ ጣሪያው ዝቅ ያለው።

የሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ማለትም ቅጣቱን ሳይሆን የክርክሩን አካሄድ የሚደነግገው፣ ሲለወጥ ግን ጥበቃው ይሳሳል። በአዋጅ ቁጥር 239/1993 በሙስና ለተጠረጠሩ ሰዎች ዋስትና ሲከለከል፣ ክልከላው ቀድመው በተያዙትም ላይ ሠርቷል። ይህ ፍትሐዊ አይመስለንም፤ ቢሆንም ዋስትና ሲጠይቁ በቀጠሮው ዕለት የጸናው ሕግ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ክልላችን የራሱን የወንጀል ሕግ ማውጣት ይችላል? የፌዴራል ወንጀል ከሆነስ አዲስ አበባ ድረስ እንሄዳለን? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ክልሉ ማውጣት የሚችለው የፌዴራሉ የወንጀል ሕግ ባልሸፈነው ጉዳይ ላይ ብቻ ነው (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55/5)። የክልሉ ሕግ የሚታተመው በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ነው፤ ወደ ኋላ ሄዶ የማይቀጣ መሆኑም እንደ ፌዴራሉ ነው። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን ሥር የሚወድቀውን ወንጀል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ውክልና እዚሁ ደሴ ያለው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያየዋል፤ ይግባኙ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት ነው። አሁን የወጣው ሕግ ለዚያው ጥፋት ቅጣቱን ቀንሷል። ይጠቅመዋል? (ከደሴ)

መልስ፦ ፍርዱ የመጨረሻ ካልሆነ ቶሎ ይግባኝ ይበል። የፍርዱ ግልባጭ በ15 ቀን ውስጥ ይጠየቃል፤ ግልባጩ ከደረሰው በኋላ የይግባኝ ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን አለው። አዲሱን ሕግ በመጀመሪያው የይግባኝ ምክንያትነት ያስቀምጠው።

ይግባኙ ያለፈ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። አዲሱ ሕግ ድርጊቱን ጭራሽ ወንጀል አይደለም ካለ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 9 መንፈስ የቀረው ቅጣት አይፈጸምም። ቅጣቱ የቀነሰ ብቻ ከሆነ አንቀጽ 6 የሚናገረው ገና እየተዳኘ ላለ ሰው ስለሆነ ዐቃቤ ሕግ በዚያ ሊቃወም ይችላል። ይሁን እንጂ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22(2) የሚጠቅመውን ሕግ የሚሰጠው ለተከሳሹ ብቻ ሳይሆን ለተቀጣውም ሰው ነው፤ በእኛ እምነት ማመልከቻው መቆም ያለበት በዚህ ላይ ነው። ለፈረደው ፍርድ ቤት በቀድሞው መዝገብ ቁጥር ይጻፍ፤ የፍርዱ ግልባጭ፣ የአዲሱ አዋጅ ቅጂና የታሰረበትን ጊዜ የሚገልጽ የማረሚያ ቤቱ ደብዳቤ ይያያዝ። የይቅርታ ጥያቄ ራሱን የቻለ ሌላ መንገድ ነው፤ ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል።