መልስ፦ ኮሮኮንች ላይ የሚጠፋ የድሮ ናፍጣ ቫን

«ኮሮኮንች ላይ ዳሽቦርዱ ብልጭ ድርግም ይልና ሞተሩ ይጠፋል፣ ቆይቶ ይነሳል» ላልከው፣ ባትሪ ለመቀየር አትቸኩል። መጀመሪያ ማሳውን፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መኪናውና ሞተሩ ብረት የሚሄደውን ገመድ፣ እይ። የኤሌክትሪክ መለኪያውን (መልቲሜትር) ዲሲ ቮልት ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በንጹህ የሞተር ብረት ላይ ያዝ፤ ሰው ሞተሩን ሲያስነሳ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱን ፍታና መቀመጫውን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። ከላይ ደህና የሚመስል ገመድ ላስቲኩ ሲገለጥ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይገኛል፤ እሱን ቀይረው እንጂ አትጠግነው።

ማሳው ደህና ከሆነ፣ የናፍጣ ፓምፑ ላይ ካለው የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ናፍጣ የሚያሳልፍ፣ ሲቋረጥበት የሚዘጋ ቫልቭ) ሽቦ ስበህ ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ሹፌሩ ፊት አስቀምጥ፤ ሌላውን ጫፍ ማሳ ስጠው። ሞተሩ ሲጠፋ አምፖሉም ከጠፋ ጥፋቱ የቁልፍ ማብሪያው፣ ፊውዙ ወይም ሽቦው ላይ ነው። አምፖሉ እየበራ ሞተሩ ከጠፋ ግን ሶሌኖይዱን ወይም የናፍጣ መስመሩን ፈትሽ።