ሰው የሌለበት መንደር፣ ትኩስ ዳቦ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አደላይድ የሚኖረው ወንድሜ ፋሪና ከምትባል የፈረሰች መንደር ትኩስ ዳቦ ገዛሁ አለኝ። እየቀለደብኝ ነው?

መልስ፦ ኧረ አልቀለደም! ፋሪና በደቡብ አውስትራሊያ በረሃማ አገር በ1878 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረች ናት። ስሟ በላቲን «ዱቄት» ማለት ነው። ስንዴ ይበቅላል ብለው ነዋ! ጎይደር የተባለው ቀያሽ በ1865 መስመር አስምሮ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን እህል እንደማያዋጣ ተናግሮ ነበር። ማን ሰምቶት! ዝናቡ ጠፋ። በ1882 የደረሰው ባቡርና የግመል ነጂዎቹ ንግድ ጥቂት አቆያት፤ ኋላ ሁሉም ሄደ።

ዳቦ ቤቱ ከመሬት በታች ነው። በጎ ፈቃደኞች በእነሱ ክረምት፣ ሰኔና ሐምሌ ገደማ፣ አሮጌውን ምድጃ በእንጨት አንድደው ይጋግሩበታል። ገቢው ፍርስራሹን መጠገኛ ነው። ዱቄቱ ግን ዛሬም ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው።